ሽቅብ የሚጓዝ ፏፏቴ፦ የሴንት አንቶኒ የጉዳይ ጥናት

ወንዝ መሬትን እንዴት እንደሚቆርጥ ሲነገር ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው አንድ ሥዕል ነው። ውሃው አሸዋና ጠጠር እየጎተተ ወለሉን ይፍቃል፤ ብዙ ሺህ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥልቅ ሸለቆ ይሆናል። ይህ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ታሪክ ነው። ብዙ ወንዞች አልጋቸውን የሚያወርዱት ርዝመታቸውን ሁሉ እኩል እየፋቁ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ደረጃ ይፈጠራል፤ ደረጃው ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ራስጌ፣ ማለትም ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ይጓዛል። ያለፈበት መሬት ዝቅ ይላል። ገና ያልደረሰበት ደግሞ ምንም እንዳልመጣበት ተኝቶ ይቆያል።

ይህን ጉዞ በዓይን ማየት ከባድ ነው፤ የሰው ዕድሜ አይበቃም። በሰሜን አሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው የሴንት አንቶኒ ፏፏቴ ግን የተለየ ነው። የሺህ ዓመታቱ ጉዞ በድንጋዩ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በሰው ስሕተት የተነሣ ያ ጉዞ በአንድ ማለዳ ተፋጥኖ ታይቷል፤ ከዚያም በሰው እጅ እንዲቆም ተደርጓል። ሦስቱም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ጉዳይ ብዙ አይደለም። በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም አልጠራም፤ ትምህርቱ ያለው በድንጋዩና በውሃው ላይ ስለሆነ ስማቸው አያስፈልግም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ጣሪያና አሸዋ

ቦታው በሚኒሶታ ግዛት፣ ዛሬ የሚኒያፖሊስ ከተማ መሐል ነው። የመሬቱን አነባበር ካላወቁ የቀረው ታሪክ ስለማይገባ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከላይ የበረዶ ግግር ትቶት የሄደ አፈርና ጠጠር አለ። ከሥሩ ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። ቀጥሎ ቀጭን የጭቃ ድንጋይ ይመጣል፤ ከእርሱ በታች ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ አለ። ሴንት ፒተር የሚባለው ይህ የአሸዋ ድንጋይ ከሞላ ጎደል ንጹሕ የኳርትዝ ቅንጣት ነው፤ ቅንጣቶቹን የሚያያይዛቸው ነገር ግን እጅግ ደካማ ነው። ደረቅ ሆኖ ጣሪያው ከላይ ሲጠብቀው ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ይቆማል። በእጅ ሲፍቁት ግን ይረግፋል፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ካገኘውም ድንጋይነቱ ያበቃል፣ አሸዋ ነው።

ፏፏቴው የቆመው በእነዚህ ሁለቱ ልዩነት ላይ ነው። ውሃው ከኖራ ድንጋዩ ጫፍ ይወረወርና ግርጌ ላይ ይመታል። ግርፊያውና ሽክርክሪቱ የአሸዋ ድንጋዩን ከሥር ያወጣዋል። የኖራ ድንጋዩ በባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ክብደቱ ሲያቅተው በስንጥቁ በኩል ተገምሶ ይወድቃል። ጫፉ አንድ እርምጃ ወደ ራስጌ ሸሸ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ውሃው ጠንካራውን ድንጋይ ከላይ ፍቆ አልጨረሰውም። ቤት መሠረቱ ሲቦረቦር ጣሪያው እንደሚወርድ ነው የሆነው።

ጉዞው የጀመረው ከ12,000 ዓመት ገደማ በፊት በበረዶው ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከሚቀልጠው ግግር የተጠራቀመው የአጋሲዝ ሐይቅ የዛሬዎቹ አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ተደምረው የማያክሉት ሰፊ ነበር። ከእርሱ የሚወጣው ግዙፍ ወንዝ ዛሬ የሴንት ፖል ከተማ ያለችበት አካባቢ ሲደርስ በአሮጌና ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወደቀ፤ ከ50 ሜትር በላይ የሚወርድ ፏፏቴም ተፈጠረ። ያ ፏፏቴ ጣሪያውን እየገመሰ ወደ ራስጌ ሄደ። ሚሲሲፒና የሚኒሶታ ወንዝ ከሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛው በሚኒሶታ ወንዝ በኩል ጥቂት ተጓዘና ሞተ። በመንገዱ ላይ ቀድሞ በሌላ ወንዝ ተቆርጦ በልቅ ደለል የተሞላ ሸለቆ አጋጠመው፤ እዚያ የኖራ ድንጋይ ጣሪያ አልነበረም። የሚደገፍበት ያጣ ፏፏቴ ተዳፋት ይሆናል፤ ተዳፋቱም እየለሰለሰ ይጠፋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመለሳለች።

ሁለተኛው በሚሲሲፒ በኩል 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ። ከኋላው ጥሎት የሄደው ነገር ዛሬም ይታያል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጠባብ ገደል ነው። በመንገዱ የገባርን አፍ ባለፈ ቁጥር ገባሩ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሚኔሃሃ ወራጅ እንዲህ ነው የሆነው፤ ዋናው ወንዝ በድንገት ከሥሩ ሲወርድበት የራሱን 16 ሜትር የሚያህል ፏፏቴ አበጀ፤ እርሱም በተራው ወደ ራስጌ መሸሽ ጀመረ። ውሃው ትንሽ ስለሆነ ግን ሩቅ አልሄደም። በአንድ አካባቢ ትልቁ ወንዝ 13 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ትንሹ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ መሄዱ፣ የመቆረጥ ፍጥነት ከውሃው ብዛት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ከየትኛውም ቀመር በተሻለ ያሳያል።

ስሌቱ በዓመት በአማካይ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እንዲያውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የግዛቱ የሥነ ምድር ባለሙያ ፏፏቴውን እንደ ሰዓት ተጠቅሞበታል። በ1680 የመጣ ሚሲዮናዊና በ1766 የመጣ ተጓዥ የጻፉትን በራሱ ዘመን ከነበረው ቦታ ጋር አነጻጽሮ፣ ገደሉን ለመቁረጥ 8,000 ዓመት ገደማ ወስዷል አለ። ኋላ የተገኘው ዕድሜ ከዚህ ይበልጣል። የድንጋይን ዕድሜ በቤተ ሙከራ መለካት ባልተቻለበት ዘመን፣ ከመንገደኞች ማስታወሻ ተነሥቶ ይህን ያህል መቅረቡ ግን አሁንም ያስደንቀኛል።

ሰው ሲጨመርበት

ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፏፏቴው ዙሪያ ግድቦች፣ የእንጨት መሰንጠቂያዎችና የዱቄት ፋብሪካዎች ተተከሉ። ውሃው ከግድብ በቦይ ይወሰዳል፤ መንኮራኩሩን ያሽከረክራል፤ ከዚያ በኖራ ድንጋዩ ሥር በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ በተቆፈረ ማስወጫ ወደ ግርጌ ይወጣል። የአሸዋ ድንጋዩ ለመቆፈር መቅለሉ ለባለፋብሪካዎቹ ትልቅ ዕድል ነበር። በአካፋ የሚቆፈር ነገር በውሃም እንደሚቆፈር ግን በጊዜው ብዙ ያሰበበት አይመስልም።

ጉዳቱ በብዙ በኩል ነበር። ከራስጌ የሚንሳፈፉት ግንዶች የፏፏቴውን ጫፍ ይደበድቡታል። ውሃው ወደ ቦዮች ስለተወሰደ በጫፉ ላይ የሚያልፈው ሳሳ፤ የተጋለጠው ድንጋይ በክረምት ቅዝቃዜ በስንጥቁ የገባው ውሃ በረዶ እየሆነ ይፈነቅለዋል። ማስወጫዎቹ ደግሞ መሠረቱን በሳሱት። ፏፏቴው ቀድሞ ከሚሸሸው በፍጥነት መሸሽ ጀመረ።

በዚህ ላይ መሐንዲሶች አንድ ከባድ ነገር ያውቁ ነበር። የኖራ ድንጋዩ ወደ ራስጌ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፤ ከፏፏቴው 360 ሜትር ያህል ከፍ ብሎም ጨርሶ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋ ድንጋይና ልቅ ደለል ነው። ፏፏቴው እዚያ ከደረሰ በሚኒሶታ ወንዝ በኩል የሄደው ወንድሙ የገጠመው ዕጣ ይገጥመዋል፤ ተዳፋት ሆኖ ይጠፋል። ከተማዋ የተመሠረተችበት የውሃ ኃይልም አብሮ ይጠፋል።

በ1860ዎቹ አጋማሽ የፏፏቴውን ፊት በእንጨት ልባስ ለመሸፈን ተሞከረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ውሃው እየተወረወረ ግርጌውን ከመምታት ይልቅ በተዳፋት ወለል ላይ ተንሸራትቶ እንዲወርድ ነው። ሥራው ሳይጠነክር ጎርፍ መጣና ወሰደው።

ችግሩ፦ በ1868 የተጀመረው ዋሻ

በፏፏቴው አጠገብ የሄኔፒን ደሴት አለ፤ ከእርሱ ራስጌ የኒኮሌት ደሴት። የላይኛው ደሴት ባለቤቶች እነርሱም የውሃ ኃይል ፈለጉ። ደሴታቸው ግን ከፏፏቴው በላይ ስለሆነ ውሃው የሚወድቅበት ከፍታ የለም። መላው እንዲህ ሆነ፦ በደሴቱ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውሃው በጉድጓዱ ይወርድና መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ ከዚያ ከወንዙ ሥር በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ በሚያልፍ ዋሻ ከፏፏቴው በታች ይወጣል። በ1868 መስከረም አካባቢ ቁፋሮው ከግርጌ ተጀመረ። ዋሻው 1.8 ሜትር ቁመትና 1.8 ሜትር ስፋት ነበረው። በአንድ ዓመት ውስጥ 600 ሜትር ያህል ተቆፍሮ ወደ ኒኮሌት ደሴት ተቃረበ።

ቆም ብለን ይህ ዋሻ ለወንዙ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ፏፏቴ ማለት በወንዝ አልጋ ላይ ያለ ደረጃ ነው፤ ከደረጃው በላይ ያለው ውሃ ከደረጃው በታች ያለውን ከፍታ ገና "አያውቅም"። ዋሻው ይህን አጠፋው። የታችኛውን ከፍታ ከጣሪያው ሥር አሳልፎ 600 ሜትር ወደ ራስጌ ወሰደው፤ የቀረው ከላይ ያለውን ወንዝና ከታች ያለውን ክፍት መንገድ የሚለየው ቀጭን ጣሪያና የሚረግፍ አሸዋ ድንጋይ ብቻ ነው። ፏፏቴው በራሱ እርምጃ በመቶዎች ዓመታት ሊሄደው የነበረውን መንገድ ሰው በአንድ ዓመት ቆፍሮ ሰጠው። ያውም ጣሪያው እየሳሳ በሚሄድበት አቅጣጫ።

በኦክቶበር 4 ቀን 1869 ሠራተኞች በዋሻው ጫፍ ውሃ ሲገባ አዩ። በማግስቱ ማለዳ ውሃው ሰብሮ ገባ። ወንዙ ከላይ ጣሪያውን በስቶ በዋሻው ወረደ፤ የዋሻውን ግድግዳ እየበላም 1.8 ሜትር የነበረውን ቀዳዳ ወደ ብዙ ሜትር አሰፋው። በላይ በወንዙ ፊት ላይ ሽክርክሪት ታየ፤ በታች በዋሻው አፍ ደግሞ አሸዋ የተሞላ ጎርፍ ይተፋ ነበር። ከሄኔፒን ደሴት ከፊሉ ተናደ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ የሕዝቡ ነበር። ወሬው ሲሰማ ሱቅና ፋብሪካ ተዘጋ፤ ሰው በመቶዎች ወደ ወንዙ ወረደ። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ድርቆሽ፣ አፈር፣ የተገኘው ሁሉ በሽክርክሪቱ ውስጥ ተጣለ። ጉድጓዱ ሁሉንም ዋጠ። ከዚያ ከግንድ ትልልቅ ታንኳ መሰል መደቦች ተሠርተው፣ ድንጋይ ተጭኖባቸው በቀዳዳው ላይ እንዲሰምጡ ተደረገ። ለአፍታ የቆመ መሰለ፤ ቀጥሎ አዲስ ሽክርክሪት በሌላ ቦታ ተከፈተ፣ ግንዶቹም እንደ ገለባ ቀጥ ብለው ቆመው ወረዱ። ያ ሕዝብ የሰነፈ አልነበረም፤ የተዋጋው ግን ቀዳዳውን ነበር። ችግሩ ቀዳዳው ሳይሆን ከቀዳዳው በታች ያለው ክፍት መንገድ ነው። መንገዱ እስካለ ድረስ አንዱን ቀዳዳ መድፈን ውሃውን ለሌላ ቀዳዳ ማስያዝ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የተሻለ ነበር። በተጎዳው ቦታ ዙሪያ ጊዜያዊ ግድቦች ተሠርተው ወንዙ ወደ ሌላኛው ወገን እንዲዞር ተደረገ። ቦታው ሲደርቅ ዋሻውን መሙላት ተጀመረ። ይህ አስቸኳዩን አደጋ አበረደ፤ ፏፏቴውም በዚያ ሰሞን አልፈረሰም። ነገር ግን በቀጣዩ የጸደይ ጎርፍ አዲስ መሸንቆር ታየ። በሚቀጥሉት ዓመታት እንዲሁ ተደጋገመ፦ አንድ ቦታ ይሞላል፣ ውሃው በተሞላው ዙሪያ ባለው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ አዲስ መንገድ ያበጃል፣ እንደገና ይሰበራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ነው፤ ላይ ላዩ ጸጥ ብሎ ሳለ ከሥር አሸዋው በቅንጣት በቅንጣት ይወጣል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ጣሪያው ይሰምጣል።

የከተማዋ ሰዎች ገንዘብ አዋጡ፤ አልበቃም። በ1870 የፌዴራሉ ምክር ቤት 50,000 ዶላር ፈቀደ፤ የጦር መሐንዲሶች ጓድም ሥራውን ተረከበ። እነርሱም በመጀመሪያ ያተኮሩት ዋሻውን በመሙላት ላይ ነበር፤ እነርሱንም ውሃው ዞራቸው። በ1874 እንደገና ከተሰበረ በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የመሐንዲሶች ቦርድ ከዚያ በፊት ያልተደፈረውን መፍትሔ አቀረበ። ዋሻውን ብቻ መከተል ቀርቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ከወንዙ ሥር ግድግዳ ይሠራ አለ።

ግድግዳው የተሠራው ከጁላይ 1874 እስከ ኖቬምበር 1876 ነው። ሠራተኞች ጉድጓድ አውርደው ከኖራ ድንጋዩ ሥር በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ወንዙን አቋርጦ የሚሄድ መተላለፊያ ቆፈሩ፤ የቆፈሩትን በኮንክሪት ሞሉት። ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው። ላዩ ከኖራ ድንጋዩ ጋር ይጋጠማል፤ ጫፎቹ በሁለቱም ዳርቻ መሬት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ወዲህ ከራስጌ የሚመጣ የሥር ውሃ እንደ ልቡ ወደ ፏፏቴው ግርጌ የሚያመልጥበት መንገድ አጣ። የሚገርመው፣ መድኃኒቱም እንደ በሽታው ከወንዙ ሥር የሚቆፈር ዋሻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ወንዙን ተከትሎ ሄደ፣ ሁለተኛው ወንዙን አቋረጠ፤ ለውጡን ያመጣው አቅጣጫው ነው።

ግድግዳው ካለቀ በኋላ ከላይ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው በ1880 የተጠናቀቀው ጠንካራ የእንጨት ልባስ ነው፤ ፏፏቴውን ከፊት ሸፍኖ ግርፊያውን አስቀረ። ሁለተኛው ኖራ ድንጋዩ ሁልጊዜ በውሃ ተሸፍኖ ከውርጭ እንዲድን ከፏፏቴው በላይ የተሠሩት ዝቅተኛ ግድቦች ናቸው። ለጠቅላላው ሥራ ከፌዴራሉ መንግሥት ከ600,000 ዶላር በላይ፣ ከአካባቢው ደግሞ ከ300,000 ዶላር በላይ ወጥቷል። አንድ ደሴት ላይ ፋብሪካ ለመትከል ታስቦ ለተቆፈረ ዋሻ የተከፈለ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራውን ከላይ ስላየነው ባጭሩ ልለፈው፤ ቀዳዳ መድፈንና ዋሻውን ብቻ መሙላት አልሠሩም። ልባሱም ብቻውን አልሠራም። በ1860ዎቹ የተሞከረውና በ1880 ያለቀው በሐሳብ ደረጃ አንድ ናቸው፤ የኋለኛው የቆየው ጀርባው በግድግዳ ስለተያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊቱ የተሸፈነ ግን ከሥሩ የሚሸነቆር ፏፏቴ ልባሱን ይዞ ይወድቃል።

የሠራው ሦስቱ በአንድነት ናቸው፦ የሥሩን ውሃ የሚያቋርጠው ግድግዳ፣ የፊቱን ግርፊያ የሚያስቀረው ልባስ፣ ከላይ ድንጋዩን ከውርጭ የሚጠብቀው የውሃ ሽፋን። እያንዳንዱ ወንዙ ደረጃውን ከሚያፈርስበት ከአንዱ ስልት ጋር ይዛመዳል። የእንጨቱ ልባስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኮንክሪት ተተካ። ዛሬ ፏፏቴ ብለው ሰዎች የሚያዩት ያን ነው፤ ውሃ በኮንክሪት ተዳፋት ላይ ሲወርድ። በስም ፏፏቴ ነው፤ በሥራው ግን የቆመ ደረጃ ነው። 12,000 ዓመት ሲጓዝ የኖረ ነገር ከጣሪያው መጨረሻ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ተቸነከረ።

በኢኮኖሚ ረገድ ውጤቱ የታሰበውን ያህል ሆነ። ከ1880 እስከ 1930 ሚኒያፖሊስ በዱቄት ምርት ዓለምን የምትመራ ከተማ ነበረች። ለመልክዓ ምድሩ ግን ዋጋ ነበረው። ከፏፏቴው በታች ያለው ገደል የተቆረጠው በዚያ ተጓዥ ደረጃ ነበር፤ ደረጃው ሲቆም ገደሉም ወደ ራስጌ መርዘሙን አቆመ። በ1917 ደግሞ ከታች የተሠራው ግድብ ውሃውን ወደ ኋላ አስተኝቶ በገደሉ ውስጥ የነበረውን ፈጣን ወራጅ አሰጠመው። የፏፏቴው አሮጌ ቅሪት የነበረችው ትንሽ የኖራ ድንጋይ ደሴት በ1960 ገደማ ለመርከብ መንገድ ሲባል ተነሣች። ለአካባቢው ነባር ለዳኮታ ሕዝብ ያች ደሴትና ፏፏቴው የተቀደሱ ቦታዎች ነበሩ፤ ፏፏቴውን ኦዋምኒዮምኒ ይሉታል። ይህ ወጪ በዶላር ከተቆጠረው ውስጥ አልገባም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ወንዝ የሚሆን ነገር ሲፈለግ እኔ መጀመሪያ የማነሣው የጣሪያውን መጨረሻ ነው። ወንዝ ላይ ደረጃ ካለ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ጥያቄው "ዛሬ ጠንካራ ነው ወይ?" የሚል አይደለም። ጠንካራው ንብርብር ወደ ራስጌ ምን ያህል ይሄዳል? እየሳሳ ነው ወይስ እየወፈረ? ከመጨረሻው ወዲያስ ምን አለ? በሴንት አንቶኒ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ያውም የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የሞተበት ታሪክ በአካባቢው መሬት ላይ ተጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ነበረ፤ ዋሻው ሲፈቀድ ግን ሚዛን ላይ አልወጣም።

ቀጥሎ ያለው አደጋው የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ጎርፍ ከራስጌ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ያያል። አልጋ መቆረጥ ግን ከግርጌ ነው የሚመጣው። የድልድይ ምሰሶ ወይም የቧንቧ ማቋረጫ ያለው ሰው መጠየቅ ያለበት ከእርሱ በታች ባሉት ኪሎ ሜትሮች ምን ተለወጠ ብሎ ነው፦ አሸዋ እየወጣ ነው? ወንዙ ተቃንቶ አጥሯል? የሚፈስስበት ሐይቅ ወርዷል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ደረጃ ተፈጥሯል፤ ደረጃው እየመጣ ነው። የሚኔሃሃ ወራጅ በራሱ ላይ ምንም ሳይደረግበት ነው አፉ ከሥሩ የወረደበት።

ሦስተኛው ስለ ጥገና ነው። የሚሸነቆር ውሃን ቀዳዳው ላይ ማሳደድ የትም አያደርስም። መጀመሪያ ውሃውን ከቦታው ማዞር፣ ቀጥሎ የሥሩን መንገድ አቋርጦ ከዳር እስከ ዳር መዝጋት፣ በመጨረሻ ፊቱን መሸፈን ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ከ1869 እስከ 1874 ያሉት አምስት ዓመታት አሳይተዋል። ግማሽ መንገድ የሚሄድ ግድግዳም ከግድግዳ አይቆጠርም፤ ውሃው ጫፉን ፈልጎ ይዞራል።

በሁሉም ቦታ ግን ወንዝን መቸንከር ይገባል ማለቴ አይደለም። ከደረጃው በላይ ምንም የሌለበት ወንዝ ቢቆርጥ ራሱ አዲስ ሚዛን ያገኛል፤ ያን ማስቆም ከንቱ ወጪ ነው። ሴንት አንቶኒ ላይ ከተማ ነበረ፤ ስለዚህ ውሳኔው ይገባኛል። ውሳኔው ግን አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም፤ እንጨቱ በኮንክሪት ተተካ፣ ኮንክሪቱም ይጠበቃል። በ1963 የተከፈተው የላይኛው የመርከብ መሻገሪያ በጁን 2015 ተዘግቷል፤ ምክንያቱ ወራሪ የካርፕ ዓሣ ወደ ራስጌ እንዳይወጣ ነበር። ፋብሪካዎቹም ከቆሙ ቆይተዋል። ፏፏቴው እንዲቆም ካደረጉት ምክንያቶች ብዙዎቹ የሉም። በ1876 ያለቀው ግድግዳ ግን ከወንዙ ሥር በጨለማ አሁንም ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ቆሟል፤ ዙሪያው በእጅ የሚረግፍ አሸዋ ድንጋይ ነው።